ሦስት መቶ ኪሎ

አዋጁ ለአንድ ቤት የፈቀደው ዕቃ ሦስት መቶ ኪሎ ነው፤ ትርፉን መዛኞች ይወስዱታል። የአስካለ ባል የልሳኑ ሞተር ሳይክል ብቻዋን ሁለት መቶ ሰባውን ትበላለች። ስለዚህ ቁም ሣጥኑም ሄደ፣ አልጋውም ሄደ። አስካለ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ወለል ላይ ትተኛለች።

«ባንድ ሙሉ ነዳጅ ድሬዳዋ ታደርሳለች! የበረሃ ነፋስ ቢገፋት እንኳ ንቅንቅ አትልም!» ይላል ልሳኑ ላገኘው ሁሉ።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ሲያዞራት ወደቀችበት። ቢታገል ቢታገል ንቅንቅ አልል አለችው።

«አንቺ! ምን ይገትርሻል? ነይ አንሺልኝ እንጂ!»

አስካለ ሆዷን ደግፋ ከደጃፉ አየችው።

«አልጋዬን ለመዛኞቹ ስታስረክብ መች ጠራኸኝ? ብቻህን ተሸክመህ ነው ያወጣኸው። እሷንም ብቻህን ተሸከማት።»