የምሳ ሰዓት ጩኸት

በክር ፋብሪካው ትልቁን ሞተር የሚቆጣጠረው ድራይቭ የተባለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ምሳ ሰዓት በተቃረበ ቁጥር ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ «ከመጠን ያለፈ ሙቀት» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ሞተሩ ቀጥ ይላል።

ሥራ አስኪያጁ እዚያው ድራይቩ ፊት ስብሰባ ጠሩ። የምርት ኃላፊው በመብራት መቆራረጥ አሳበበ፤ ገንዘብ ያዥዋ በጥጥ ብናኝ።

«የሰው ዓይን ነው፤ ጠበል ይረጭበት» አለ ጥበቃው።

«ኤሌክትሪክ ላይ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«በትንሹ ነዋ!»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጥገና መሐንዲሷ ዞሩ። «አንቺስ? ዛሬ መላ ካላገኘሽለት ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

መሐንዲሷ የድራይቩን ሳጥን አናት ሰረቅ አድርጋ አየች።

ሥራ አስኪያጁ ተናደው መሰላል አስመጡና ራሳቸው ወጡ። ድራይቩ በተቀመጠበት የብረት ሳጥን አናት ላይ፣ ሙቀት የሚወጣበትን ቀዳዳ ድፍን አድርገው፣ ምሳ ዕቃዎች ተደርድረው ይሞቃሉ።

«የየራሳችሁን ውሰዱ!» ብለው ጮኹ።

የምርት ኃላፊው ወሰደ፤ ገንዘብ ያዥዋና ጥበቃውም ወሰዱ። አንደኛው ምሳ ዕቃ፣ ጸሐፊያቸው ያስቀመጠችላቸው፣ የሥራ አስኪያጁ የራሳቸው ነበር፤ እሱን ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። መሐንዲሷም የራሷን ተቀበለች። አንድ ቀረ።

«ይኼስ የማን ነው?»

«እሱማ እዚህ ይሠሩ የነበሩት የጋሽ ማስረሻ ምሳ ዕቃ ነው። እሳቸው እኮ ካረፉ ዓመት...» ጥበቃው ምላሱን ነከሰ።

ሥራ አስኪያጁ ክዳኑን ከፈቱት። ዛሬ የተሠራ ምስር ወጥ ነው።

መሐንዲሷ ባዶ እጇን ዘረጋች።

«የባለቤቴን ያቀብሉኝ» አለች፤ «እንዳይቀዘቅዝ።»