የአባባ ቫይታሚን

ትልቋ ልጅ ቤተሰቡን ሰብስባ፣ የአባቷ የአንጀት ካንሰር ከአባቷ በቀር ለሁሉም እንዲነገር አስወሰነች። ከዕድሩ ዳኛ እስከ ባለሱቁ ሁሉም ሰምቶ ከንፈሩን መጠጠ። እሳቸው ግን "ጨጓራ ነው፤ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይድናል" ተባሉ።

ሐኪሙ ለቀዶ ጥገናው አቅም እንዲያገኙ፣ ቁስሉም ቶሎ እንዲሽር ብሎ በውኃ የሚበጠበጥ አልሚ ዱቄት አዘዘ። ልጅቱ ለዚህም መላ አላጣችም። "አባባ፣ ቫይታሚን ነው፤ ጤነኛም ይጠጣዋል" እያለች ጠዋት ጠዋት በጥብጣ አጠገባቸው ታስቀምጥና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ጭልጥ ተደርጎ ተጠጥቶ ታገኘዋለች። በብልሃቷ ራሷም ተደነቀች።

የቀጠሮው ቀን ሐኪሙ አባትየውን መዘናቸውና ፊቱን አጠቆረ። "ጭራሽ ከስተዋል። በዚህ አቅም አይችሉትም፤ ይራዘም።"

"አባባ፣ ያን ሁሉ ቫይታሚን የት አደረሱት?"

"ለተከራያችን ለደግፌ ሰጠሁት" አሉ አባትየው ተረጋግተው። "ዕድር ላይ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ነው። እኛ ግቢ ካንሰር የያዘው ሰው አለ፣ ቤተሰቦቹ ደብቀውታል አሉ። እኔን እንደሆነ ያመመኝ ጨጓራ ነው።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አደራ፣ እንዳትነግሪው። ይደነግጣል።"