ሙቀቱ እስኪወጣ

እናቴ አስም ነበረባት። በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ሙቀትና ላብ ይወዳሉ ብሎ ሐኪሙ ከነገራት ወዲህ፣ በእኛ ቤት አልጋ ወዲያው እንደተነሡ አይነጠፍም። ብርድ ልብሱን ወደ እግርጌ ትገልጠዋለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ "ሙቀቴ ይውጣለት" ትላለች። በእጇ ዳብሳ መቀዝቀዙን ሳታረጋግጥ አታነጥፍም። አባቴ "ሰው የሚያየውን ይፈራል፣ የኔዋ የማይታየውን" እያለ ይቀልድባት ነበር።

እሷ ካረፈች በኋላ አባቴ አልጋውን ማንጠፍ ተወ። በሄድኩ ቁጥር እንደተገለጠ አገኘዋለሁ። ላነጥፈው ስል "ተዪው፣ ገና ነው" ይለኛል። ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኩት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን አንሶላውን ልቀይር ብዬ ገባሁ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ክፍሉ ይበርዳል። አባቴ የሚተኛበትን ጎን ዳበስኩት፤ ቀዝቅዟል። ወደ እናቴ በኩል እጄን አሻገርኩ። ሰው ገና አሁን የተነሣበት ያህል ይሞቃል።

"አባዬ፣ የእማዬ ቦታ ላይ ጋደም ብለህ ነበር እንዴ?"

"እኔማ እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ሶፋው ላይ ነው የማድረው" አለኝ ከሳሎን።

ከዚያ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንሶላው ላይ የቀረውን እጄን አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አሁንም ሙቀቷ አልወጣለትም፣ አይደል?"