ኮምፒውተር ውስጥ የሌለው ጥራዝ

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መሬት ቤት የድሮ መጽሔቶች የሚቀመጡበት ነው። እናትየው እዚያ ማጽዳት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አንድያ ልጇ የዶክትሬት ጽሑፉን እያገባደደ ነው።

ጽሑፉ ስለ ክር ፋብሪካ ሠራተኞች ነው፤ የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ምን እንደሚያደርገው። አባቱም የሞተው በዚሁ ነው፤ እያሳለ፣ ልጁ ገና ዳዴ ሲል።

"እማዬ፣ ይህን ነገር ማንም አላጠናውም" ይላታል ምሳዋን ሊሻማት ሲወርድ። "የመጀመሪያው እኔ ነኝ።"

"ቀድሞ የሠራው ሰው ቢኖርስ?"

"ያኔማ አለቀልኝ። አራት ዓመቴ ገደል ገባ በይው።"

"እነዚህንስ አይተሃቸዋል?" አለች፣ በመወልወያዋ መደርደሪያዎቹን እያሳየች።

ሳቀባት። "አንቺ ደግሞ! በዚህ ዘመን ማን አቧራ ሲገልጥ ይውላል? ያለ ነገር ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አለ። እዚያ ከሌለ የለም።"

እሷ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አልተከራከረችውም።

ክፍሉ ለኮምፒውተሮች ሊለቀቅ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የተጫኑት መጽሔቶች በገመድ እየታሰሩ በሩ ሥር ይከመራሉ። ሐሙስ ሐሙስ መኪና መጥቶ ወደ ወረቀት ፋብሪካ ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ይፈጫሉ። ያልተጫኑት እስኪጫኑ መደርደሪያቸው ላይ ይቆያሉ።

ኮስታራው መመላለስ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው፤ ከልጇ ሦስት ፈታኞች አንዱ። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው ጥሏል። "እሱ ፊት የቀረበ በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ ይወጣል" ይላሉ ልጆቹ።

ሦስት ጠዋት ተከታትሎ መጣ። ሦስቱንም ቀን አንድ አረንጓዴ ጥራዝ አውጥቶ አምፖሉ ሥር ተቀመጠ። ገጹን እያገላበጠ አንድ ቦታ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቅና ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያያል።

በሦስተኛው ቀን ቀና ብሎ አያት።

"ክር ፋብሪካውን የሚያጠናው ልጅ የእርስዎ ነው አሉ።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"አባቱን ነው የሚመስለው?"

"ቁርጥ አባቱን።" ይሄ ደግሞ ምን አገባው አለች በልቧ።

ሽማግሌው ጥራዙን መለሰ። "ይህን አደራ፤ ማንም እንዳያነሳብኝ። የፈተናው ዕለት እፈልገዋለሁ" ብሏት ወጣ።

ኮቴው እስኪርቅ ጠብቃ ጥራዙን አወረደችው። ቁራጭ ወረቀት ያስገባበትን ቦታ ገልጣ ርዕሱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የክር ፋብሪካ ሠራተኞች። የጥጥ ብናኝ። ሳንባ። ከታተመ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው።

ከዚያ በላይ ሳትገልጥ ዘጋችው።

"ልጄን ከነነፍሱ ሊቀብርብኝ ነው" አለች።

ረቡዕን ቀኑን ሙሉ እየወለወለች ስትጸልይ ዋለች። ግን ምን ብላ እንደምትለምን ጠፋባት። የሰው አደራ በልታ አታውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ቤት አንዲት እርሳስ አላወጣችም።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ከመድረሱ በፊት አንዱን እስር ፈታች። አረንጓዴውን ጥራዝ መሐል አስገብታ መልሳ አሰረችው።

"ዛሬስ ከብዷል፣ እናቴ! ድንጋይ ጨመርሽበት እንዴ?" አለ ሹፌሩ።

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። መኪናው ከግቢ ሲወጣ "ይቅር በለኝ" አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

ፈተናው ሰኞ ዋለ። የሥራ ካፖርቷን አውልቃ አዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጇ ከሁሉ አስቀድሞ የጽሑፉን መታሰቢያ አነበበ። "ፊቱን በፎቶ እንኳ ላላየሁት አባቴ" አለ፤ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ።

የኮስታራው ተራ ደረሰ።

"ከእኔ በፊት ያጠናው የለም ብለሃል። የት ፈለግህ?"

"ኢንተርኔት ላይ ያለውን አንድም ሳላስቀር አይቻለሁ።"

"ኢንተርኔት ላይ የሌለውንስ?"

ልጇ አቀረቀረ።

"ሥራህ ጥሩ ነው" አለ ሽማግሌው። "'የመጀመሪያው' የምትለዋን ቃል ብቻ ሰርዛት።"

ሌሎቹ ሁለት ፈታኞች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። አለፈ።

ጭብጨባው ሳያባራ ወደ መሬት ቤት ወረደች። አንዲት ቃል። ያ ሁሉ ለአንዲት ቃል ነበር። መደርደሪያውን ተደግፋ አለቀሰች።

ብዙ ሳይቆይ ኮስታራው መጣ። ፈገግ ሲል ያየችው ያን ቀን ነው። እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና ባዶው ቦታ ላይ ሲያርፍ ደረቀ።

"አረንጓዴውስ?"

መዋሸት አልቻለችም። "መኪናው ወሰደው፣ ጌታዬ። አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጄን ሊጥሉበት መስሎኝ።"

ሽማግሌው ወንበር በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ።

"የጉብዝናዬ ዘመን ሥራ ነው" አለ። "ልጅዎን በአባቱ ስም ለየሁት፤ ግን ፈታኝ ከፈተናው በፊት ተማሪውን ማነጋገር አይፈቀድለትም። እስከ ዛሬ የታገስኩት ለዚያ ነው፤ ራሴ በእጁ ልሰጠው። እኔ ቤት የነበረውን ጎርፍ ወስዶታል። የቀረው ይኸው አንዱ ነበር።"

"እንደገና ቢጽፉትስ?" አለች እየተርበተበተች። "ልጄ ያግዝዎታል። እግርዎ ሥር ቁጭ ብሎ ያግዝዎታል።"

"ጽሑፉስ ይጻፋል፣ እመቤቴ።"

መነጽሩን አወለቀ።

"መጨረሻው ገጽ ላይ ግን፣ ፋብሪካው በር ላይ ባነሳሁት ፎቶ፣ ባለቤትዎ ልጁን ታቅፎ ይስቃል።"