ለማ ሦስት የት ይቀመጥ?

ባልና ሚስቱ አንድ የሒሳብ ጽሑፍ አብረው ለመጻፍ ከተስማሙ ወዲህ ቤታቸው ሰላም አጣ።

ሥራውን ሲከፋፈሉ ጭቅጭቅ አልነበረም። ሚስት የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ማረጋገጫዎቹን ትጽፋለች። ባል የኮምፒውተር ሰው ነው፤ እያንዳንዷን እርምጃ ማሽን አንብቦ ልክ መሆኗን እንዲመረምር ወደ ኮድ ይለውጣል፤ ገጹንም ያሰናዳል። ጠቡን ያመጣው ለማ ነው።

ለማ ማለት በሒሳብ ሰዎች አፍ፣ ትልቁ ውጤት ላይ ለመድረስ አስቀድሞ የሚረጋገጥ ትንሽ ውጤት ነው። ከነዚህ አንዱ፣ ለማ ሦስት፣ ኮዱ ከመርዘሙ የተነሳ ከገጹ ጠርዝ አልፎ እየወጣ አስቸገረ። መጽሔቱ ጽሑፍ የሚቀበልበት ቀን ደግሞ ሊያልፍ ነው።

"ለማን ከመሀላችን ካላወጣሽ መቀጠል አንችልም!" አለ ባል አንድ ከሰዓት በኋላ።

"እኔ ያለ ለማ የትም አልደርስም። ሁሉን ነገር ተሸክሞልኝ የቆመው እሱ ነው!"

ይህን ጊዜ የሚስት እናት ሻይ ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ወረቀት ሰብሰብ አድርገው ለትሪው ቦታ አበጁና ወጡ።

በማግስቱ፣ ሁለት ቤት ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩትን ጡረተኛ ዳኛ ይዘው መጡ። "ልጄ ትዳሯን ልታፈርስ ነው፤ ለማ የሚባል መሀላቸው ገብቷል" ብለው መንገድ ላይ ነግረዋቸዋል።

ዳኛው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ይህ ለማ የምትይው ነገር የጀመረው መቼ ነው?"

ሚስት ደስ አላት። ስለ ሥራዋ የሚጠይቃት ሰው አግኝታ አታውቅም። "አምና ነው፣ ጋሼ። ያን ጊዜ ደካማ ነበር። አሁን ግን ባየሁት ቁጥር እየጠነከረ ነው።"

ዳኛው ወደ ባል ዞሩ። "አንተስ ይህን ታውቃለህ?"

"አብረን አይደል እንዴ የደከምንበት! እኔ መኖሩን አልጠላሁም፣ ጋሼ። ኋለኛው ክፍል ለብቻው ይቀመጥ ነው ያልኩት።"

"ኋላ ሄዶማ ማን ያየዋል?" አለች ሚስት። "ሰው እንዲያየው ነው የምፈልገው!"

ዳኛው በሥራ ዘመናቸው ብዙ ጉድ አይተዋል። እንዲህ ያለ ትዳር ግን አልገጠማቸውም። መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ።

"ነገሩ ከባድ ነው" አሉ ለእናቲቱ፣ በር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ነገም መምጣት ሳይኖርብኝ አይቀርም።"

"ይምጡልኝ እንጂ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!"

መጡ። በነጋታውም መጡ። እንደ ችሎት ቀን ክራቫት አስረው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ነው የሚመጡት። እናቲቱም እንግዳ ፊት ተዝረክርኮ መቅረብ ነውር ነው ብለው ከሐዘን ወዲህ ያልነኩትን ሰማያዊ ቀሚስ አወጡ። ዳኛው ከባልና ሚስቱ ጋር ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ እሳቸውና እናቲቱ ወጥ ቤት ገብተው ስለ ጉዳዩ ረጅም ጊዜ ይመክራሉ።

በመጨረሻ ባል መላ አገኘ። የለማ ሦስት ሐሳብ መሀል ላይ ይቆያል፤ ኮዱ ተሰባብሮ አባሪው ውስጥ ይገባል። ሚስት አቀፈችው። ጽሑፉ ተላከ።

ዳኛው ሲመጡ ሁለቱ እየሳቁ ጠበቋቸው።

"ታረቅን፣ ጋሼ! ለማን ለሁለት ከፈልነው!"

ዳኛው ደነገጡ። "ሰውየውን?"

"የምን ሰውዬ?"

ነገሩ እስኪገለጥ ጊዜ አልወሰደም። ባል ሆዱን ይዞ እየሳቀ ወለል ላይ ተቀመጠ። ዳኛው ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አነሱ።

"እንግዲህ እዚህ ቤት ጉዳይ የለኝም ማለት ነው" ብለው ወጡ።

ሚስት እናቷ ላይ ተቆጣች። "እማዬ፣ ጋሼን አዋረድሻቸው እኮ! እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

እናቲቱ መስኮቱ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ።

"ምኑን ልጠይቅሽ? የመጀመሪያውን ቀን ሻዩን ሳስቀምጥ ወረቀትሽን አይቼዋለሁ። ለማ አንድ፣ ለማ ሁለት እያለ እስከ ዘጠኝ ይዘልቃል። ደግሞ አንቺ ዘጠኝ ውሽማ የምታስተናግጂበት ጊዜ ከየት ታመጫለሽ?"

"ታዲያ ጋሼን ለምን ጠራሻቸው?"

"በሌላ በምን ሰበብ ልጥራው?"