የምላጩ እንቅፋት

ሽማግሌው የአሮጌውን ሽጉጥ ካዝና አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩና የጥይት ማደሪያውን በዓይናቸው አዩ፤ ቀጥለው በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱት። ባዶ ነው። ደግመው ዳሰሱት። ሠላሳ ዓመት የመጋዘን በር በሌሊት የጠበቁ፣ ሰፈሩ «አይተኜ» እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸውና በዚህ ነገር ማንንም አያምኑም።

«ባዶ ነው አልኩዎት እኮ አባባ» አለ መሣሪያ ሻጩ።

«ባዶ ነው የተባለ ስንቱን ገድሏል!»

ልጃቸው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ አጠገባቸው ቆማለች። የፊታችን ሰኞ ያንኑ በር ልትጠብቅ ነው። አሠሪው «የራስሽን ሽጉጥ ይዘሽ ነይ፤ ከሌለሽ ቦታው ለሌላ ሰው ነው» ብሏታል። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ስምንት ወር ሥራ ፈትታ ከርማለች። እሷ ደግሞ ለሻጩ ገና ከመግባቷ ነግራዋለች፦ አባቴ ደህና ነው ካለ እገዛለሁ፣ ይቅር ካለ ይቀራል።

እሳቸው ግን፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የመጡት እንከን ሊፈልጉ ነው። ያንን በር ያውቁታላ! ብርዱን ያውቁታል፤ በጨለማው ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ልብ ምን እንደምትሆን ያውቃሉ። ሴት ልጃቸው እዚያ ስትቆም አንጀታቸው እንዴት ይቻለው?

የአፈሙዙ ጠርዝ ቀለሙን ለቋል፤ ከቆዳ ማኅደሩ ሲወጣ ሲገባ ነው፣ ነውር አይደለም። ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት፤ አልተንኳኳም። ሻጩን አስፈቱትና በርሜሉን ወደ መስኮቱ አቅንተው በአንድ ዓይናቸው አጮለቁ። ውስጡ ያሉት ጥምዝ መስመሮች አልተበሉም። ወይ ነዶ! አሮጌ ነው እንጂ ጤናው ሙሉ ነው።

ተገጠመ። ምላጩ ብቻ ቀረ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምላጭ ሲሳብ ምን ምን አለው?» አሏት።

«መጀመሪያ ጣት ሳይከብደው የሚሄድበት ባዶ መንገድ። ከዚያ ጠንከር የሚልበት ግድግዳ። ከዚያ ግድግዳው ሳያስታውቅ ይናዳል፤ ይተኩሳል።»

«መንገዱ ላይ ቢያንገራግጭስ?»

«ብረቱ ተበልቷል። አልገዛም።»

«ጎሽ።»

አፈሙዙን ጥግ ወዳለው የአሸዋ ሳጥን አዙረው ቀስ ብለው ሳቡ። ባዶው መንገድ ላይ ሁለቴ አደናቀፋቸው። ደግመው ሳቡ፤ እዚያው ቦታ፣ ሁለቴ። ደስታቸው እንዳይታወቅባቸው አቀረቀሩ።

«ተበልቷል፤ ያንገራግጫል። ይቅር ልጄ።»

«እሺ አባዬ» አለች። አልተከራከረችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች፤ ትከሻዋ ግን ወርዷል።

ሻጩ ደሙ ፈላ። «ኧረ ተዉ አባባ፣ ስሜን አያጥፉት! በገዛ እጄ ነው የፈተሽኩት!» ከመደርደሪያው ካርቶን አውርዶ ከፈተ። «ይኸው አዲስ፣ ቅባቱ እንኳ ያልተጠረገ። ደህና ምላጭ እንዴት እንደሆነ ይዩና ይፍረዱኝ።»

አዩ፣ ዳሰሱ፣ ደግመው ዳሰሱ። ሳቡ። ሁለቴ አደናቀፋቸው። እዚያው ቦታ።

አዲስ ብረት ደግሞ ከየት ተበልቶ! ሽጉጡን አስቀምጠው ጣታቸውን ተመለከቱ። የቤቱን ጓጉንቸር «ዝጓል» እያሉ ስንት ጊዜ ልጃቸውን ዘይት አስቀብተዋታል። የሸሚዛቸው ቁልፍ አልገባ ሲል «ቀዳዳውን አጠበበው» ብለው ልብስ ሰፊውን ረግመዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ልጅቱ አፍ አፋቸውን እያየች ትጠብቃለች። ዝም ቢሉ ነገሩ አበቃ። እሷ ቃላቸውን አትጠረጥርም፤ ሻጩም «ነጭናጫ ሽማግሌ» ብሎ ይረሳቸዋል፤ ያ በር ለሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰቡ፤ ከዚያ ደከማቸው። ስምንት ወር ሥራ ፈትታ የከረመች ልጅ በእሳቸው የውሸት ቃል ዘጠነኛውን ትጀምር? መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

«አንቺ ሳቢው እስቲ» አሉ አሮጌውን ወደ እሷ እየገፉ።

በዓይኗ አየች። በትንሿ ጣቷ ዳሰሰች። ደግማ ዳሰሰች። ወደ አሸዋው አዙራ ሳበች፤ ቀጭ አለ።

«ምንም የለውም እኮ አባዬ» አለች ግራ ተጋብታ። «ልስልስ ያለ ነው።»

«አዎ። የተበላው የእኔ ጣት ነው።» ካዝናውን ወደ እሷ ገፉላት። «ግዢው። ደህና ዕቃ ነው።»

ሻጩ አንገቱን ደፍቶ የጸዳውን ባንኮኒ ይጠርግ ጀመር።

መውጫው ላይ ነፋስ ተቀበላቸው። ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፍ ይዘው ታገሉ፣ ታገሉና ተዉት። ልጅቱ ቦርሳዋን መሬት አኖረች፤ ጎንበስ ብላ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ትቆልፍላቸው ጀመር። እሳቸው ጣቶቿን ቁልቁል ያያሉ። አንዲቷም አላንገራገጨችም።