ስምንት ቁጥር

ለነጻነት በዓሉ ትያትር ሽማግሌውን ለምነው አመጧቸው። ቅኝ ገዢዎቹ እስረኛን እንዴት ያስሩ እንደነበር በገላው የቀመሰ፣ ከእሳቸው ሌላ በከተማው አልተረፈም። መንግሥትን ተናገረ ተብሎ የታሰረው ልጃቸው አምና «ሊያመልጥ ሲሮጥ መኪና ገጨው» ተብሎ ሬሳው ከመጣላቸው ወዲህ ግን ከቤት ወጥተው አያውቁም ነበር።

መድረኩ ላይ አንድ ተዋናይ እስረኛ ሆኖ በሆዱ ተኝቷል። ነጩን መኮንን ሆኖ የሚጫወተው ከጦሩ የተላከ ወታደር ነው።

«እንግዲህ ልጄ፣ ክርኑንና ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ ገመዱን በስምንት ቁጥር ታዞርና...» ብለው ሳይጨርሱ ወታደሩ ጠፍሮት ተነሣ። ተዋናዩ ደረቱ የተሰነጠቀ ያህል ጮኸ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አዘጋጁ እያጨበጨበ። «ሕዝቡ የቅኝ ገዢውን ጭካኔ በዓይኑ ይይ!»

«ማን አስተማረህ?» አሉት ሽማግሌው።

«ሥራዬ ነው፣ አባባ» አለ ወታደሩ አፈር ብሎ። «የነጮቹ ደግሞ ይላላል። እኛ እንዲህ አውራ ጣቶቹን ለብቻ በሲባጎ እናንቃቸዋለን። ያኔ ቢገርፉትም አይፈራገጥም።»

ተዋናዩ «ፍቱኝ! በእናታችሁ ፍቱኝ!» ይላል። ሽማግሌው ተንበርክከው የአውራ ጣቶቹን ሲባጎ በጥርሳቸው በጠሱለት። ከዚያ ጣቶቹን ይዘው ቀሩ።

የልጃቸውን ሬሳ ያጠቡት ራሳቸው ነበሩ። በሁለቱ አውራ ጣቶች ዙሪያ የነበረውን ጥቁር ቀለበት የመኪና ግራሶ መስሏቸው፣ በሳሙና ቢያሹት ቢያሹት አልለቅ ብሏቸው ነበር።